ሞ ሌይ ታው በኳስ ሜዳ፦ የሆንግ ኮንግ ዓይነት የእግር ኳስ ኮሜዲ አሠራር

ስክሪፕቱን ከዳኛው ጀምሩ። ኳሷ በእሳት ተያይዛ ትበር ይሆናል፤ በረኛው ከነመረቡ ተነቅሎ ይወሰድ ይሆናል፤ አጥቂው የተከላካዮችን ትከሻ እንደ ደረጃ እየረገጠ አየር ላይ ይወጣ ይሆናል። ዳኛው ግን ሰዓቱን አይቶ፣ ፊሽካውን ነፍቶ ሕጉ የሚለውን ይወስናል። የሆንግ ኮንግ ሰዎች «ሞ ሌይ ታው» የሚሉት ቀልድ በስፖርት ፊልም ውስጥ የሚቆመው በዚህ ምሰሶ ላይ ነው፦ የተፈጥሮ ሕግ ይጣሳል፣ የጨዋታው ሕግ ግን አይነካም። ሁለቱንም አንድ ላይ ያፈረሰ ፊልም ተመልካቹ የሚይዘው ነገር ያጣል። ማን እንዳሸነፈ ግድ ሳይሰጠው ሲቀር ደግሞ መሳቁንም ያቆማል።

ቃሉ ካንቶንኛ ሲሆን በግርድፉ «ጫፉ የማይያዝ፣ ከምን ተነስቶ የት እንደደረሰ የማይታወቅ ነገር» እንደማለት ነው። መንገዱን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኮሜዲያኑ ማይክል ሁይና ወንድሞቹ የጠረጉት ሲሆን፣ ኑሮ ስላስጨነቃቸው ደመወዝተኞች በካንቶንኛ ኮሜዲ ይሠሩ ነበር። ከ1990 ጀምሮ ተዋናዩና ዳይሬክተሩ ስቲቨን ቻው ከተዋናዩ ንግ ማን ታት ጋር ተጣምሮ ቀልዱን የሕዝብ አደረገው። በ2001 የወጣው የቻው ፊልም «ሻዎሊን ሶከር» ወደ ኳስ ሜዳ ወሰደው፤ በማግሥቱ ዓመት በሆንግ ኮንግ የፊልም ሽልማት ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተርና ምርጥ ተዋናይ ተብሎለታል። ያያችሁት ከሆነ ድጋሚ ስታዩት ዓይናችሁን ከተአምራቱ አንስታችሁ ባልተለወጠው ነገር ላይ አሳርፉ። በመጨረሻው ጨዋታ ጭንቀቱ የሚመጣው በረኞቹ እየተጎዱ ግቡ ባዶ ሊቀር ስለሆነ ነው። ይህ የማንኛውም የሰፈር ቡድን ጭንቀት ነው።

አጽሙ የታወቀ ይሁን

እዚህ የምንገልጸው የ12 ደቂቃ አጭር ፊልም ነው። አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚወጣው ከ12 ገጽ አትለፉ። ታሪኩ አዲስ እንዲሆን አትድከሙ። የወደቀ አሰልጣኝ፣ ማንም ያላያቸው ልጆች፣ ልምምድ፣ አሳፋሪ ሽንፈት፣ የመጨረሻ ጨዋታ፤ ይበቃል። ፓሮዲ (የታወቀን ታሪክ እያስመሰለ የሚቀልድ ሥራ) የሚሠራው ተመልካቹ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። የሚያውቀው መንገድ ከሌለ ከመንገድ መውጣታችሁም አይታየውም።

ቦታው በረጃጅም የመኖሪያ ሕንጻዎች መሃል ያለ የሲሚንቶ ሜዳ ቢሆን ይመረጣል። ሆንግ ኮንግ መሬት የጠበባት ከተማ ስለሆነች እንዲህ ያሉ አነስተኛ ሜዳዎች ሞልተዋታል፤ ለቀረጻም ጥቅም አላቸው። ሕንጻዎቹ አድማሱን ስለሚዘጉ በ40 ሰው የተሞላ ሜዳ እንደ ስታዲየም ያስገመግማል፤ በየመስኮቱ ልብስ የሚያሰጡ ሰዎችም ያለ ክፍያ ተመልካች ይሆናሉ። ከእነሱ ፈቃድ መጠየቅ ግን አይቅር።

ልዩ ችሎታ ያላቸው ተጫዋቾች ሦስት ብቻ ይሁኑ። አራተኛው ሲጨመር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጊዜ ያንስና ሁሉም አንዳንድ ቀልድ ጥለው ያልፋሉ። ሌሎቹ ተራ ሯጮች ይሁኑ፤ እንዲያውም የእነሱ ተራነት ሦስቱን ያጎላቸዋል።

ችሎታ ከሥራ ይወለዳል

ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ጋ ነው። «ይሄ ይበራል፣ ያ ደግሞ ይጠፋል» እያሉ ኃይል ያድላሉ። እንዲህ ያለው ኃይል ከሰውየው ኑሮ ጋር ስላልተያያዘ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አያስቅም። ችሎታውን ተጫዋቹ ከሚኖርበትና ከተናቀበት ሥራ አውጡት፤ ድክመቱም ከዚያው ሥራ ይውጣ።

የቀርከሃ መወጣጫ ሠራተኛ ውሰዱ። በሆንግ ኮንግ ሕንጻ ሲሠራና ሲታደስ በቀርከሃ የታሰረ መወጣጫ ላይ ሲንጠላጠሉ የሚታዩ ሰዎች አሉ። ይህ ሰው ተከላካይ ቢሆን ግድግዳ የሚሠራው በተጋጣሚ ተጫዋቾች ነው፤ አንዱን በሌላው ላይ አቁሞ ያስራቸዋል። ድክመቱም መሬት ላይ መቆም ነው፤ ሚዛኑ የሚጠበቀው ከፍታ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው በምግብ ቤት ጓዳ ሳህን አጣቢ ይሁን፤ እሱን በረኛ አድርጉት። የሚወረወርለትን ሁሉ ሳይሰብር ይይዛል። ድክመቱ ኳሷን ከያዘ በኋላ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ደርድሮ ካልጨረሰ መልቀቅ አለመቻሉ ነው። ሕጉ ኳስ ለያዘ በረኛ የሚሰጠው ጊዜ በሴኮንድ የሚቆጠር ስለሆነ፣ የዳኛው ጣት መቁጠር ሲጀምር ጭንቀቱ ከማጠቡ ጋር እሽቅድምድም ይገጥማል።

ሦስተኛው የሚኒባስ ሹፌር ይሁን፤ እሱን ሰፋ አድርገን እንመልከተው። በሆንግ ኮንግ ሚኒባስ ወራጁ ጮክ ብሎ ካልተናገረ ሹፌሩ አይቆምም። የእኛ የመስመር አጥቂም አንዴ ከተነሳ «ወራጅ አለ!» ካልተባለ አይቆምም። ይህንን አንድ ባሕርይ አራት ጊዜ አምጡት።

በመጀመሪያው በሥራው ላይ ብቻ ይታይ። ተሳፋሪ ሳይናገር ቀርቶ ፌርማታው ያልፈዋል፤ ሹፌሩ ፊቱ አይለወጥም። ቀልዱን እዚህ አትግፉት፤ ዘሩን መዝራት ብቻ ነው። በሁለተኛው ሜዳ ላይ ሁሉንም አልፎ፣ ግቡንም አልፎ፣ በበሩ ወጥቶ ይሄዳል። ቡድኑ ለሁለት ደቂቃ አንድ ሰው ጎድሎት ይጫወታል፤ ከሩቅ ሲመለስ በበስተጀርባ በኩል ይታይ እንጂ ካሜራው አይከተለው። በሦስተኛው አሰልጣኙ ምስጢሩን ያገኛል። ሳጥኑ ውስጥ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ይለዋል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ኳሷ ከእግሩ ወርዳ መረብ ውስጥ ትገባለች። በአራተኛው፣ በመጨረሻው ጨዋታ፣ ተጋጣሚዎቹ ምስጢሩን ደርሰውበት ከየአቅጣጫው «ወራጅ አለ!» ይሉታል። እሱም እየሮጠ ወደ ታች አይቶ የሜዳውን መስመር ያያል፤ «እዚህ መስመር ላይ ማቆም ክልክል ነው» ብሎ ይቀጥላል። በከተማዋ መንገዶች ዳር የሚሰመረው ድርብ ቢጫ መስመር ማቆም መከልከሉን ስለሚያመለክት መልሱ ከሹፌርነቱ የወጣ ነው። ተመልካቹ ይህን የትራፊክ ሕግ ላያውቅ ይችላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ትዕይንት ሚኒባሱ ቢጫ መስመር ላይ ሊቆም ሲል ፖሊስ ሲያስነሳው ለሦስት ሴኮንድ አሳዩ። መኪናው ውስጥ ወንበር የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ዘመኑን ልብ በሉ፤ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ 16 ወንበር ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እስከ 19 ተፈቅዷል።

ጥፋቱን በደረጃ ክፈሉ

በመጀመሪያው ጨዋታ የግቡ ቋሚ ተነቅሎ ከበረረ ለመጨረሻው ጨዋታ የሚቀር ነገር የለም። ከመጻፋችሁ በፊት የጥፋት መሰላል አውጡ። ከስክሪፕት ስህተቶች ሁሉ፣ በኋላ ለማረም በጣም የሚከብደው ይህን መሰላል አለማውጣት ነው። የመጀመሪያው ምት የበረኛውን ፀጉር ብቻ ያንቀሳቅስ። ሁለተኛው መረቡን ይቅደድ። ሦስተኛው ከግቡ ጀርባ ያለውን የሽቦ አጥር ያጉብጥ። አራተኛው ሕንጻው ላይ የተሰጣውን ልብስ ሁሉ ያርግፍ። ከአምስት እርከን በላይ አያስፈልግም፤ በእርከኖቹ መሃልም ቢያንስ አንድ ደቂቃ ተራ ኳስ ይኑር።

የመጨረሻው እርከን ወደ ታች ቢወርድ ደግሞ ይበልጣል። ለዚህ የጨዋታው ሕግ ራሱ ስጦታ ይሰጠናል። ፍፁም ቅጣት ምት ተመትታ ወደፊት በመሄድ ላይ ያለች ኳስ ተጫዋችም ሆነ ቋሚና አግዳሚ ሳትነካ ብትፈነዳ፣ ምቱ ይደገማል። ትዕይንቱን በዚህ ላይ ሥሩት። ጀግናው የቀረውን ኃይል ሁሉ አሟጥጦ ይመታል፤ ኳሷ እየነደደች ሄዳ ከመስመሩ አንድ ክንድ ሲቀራት አመድ ትሆናለች። ሕዝቡ ዝም ይላል። ዳኛው በእግሩ ይሄዳል፤ ጎንበስ ብሎ አመዱን በጣቱ ይነካል፤ «ይደገም» ይላል፤ ሌላ ኳስ ያስቀምጣል። አሁን ጀግናው ኃይል የለውም። እንደ ማንኛውም ሰው መምታት ይኖርበታል። በረኛው የቅድሙን አይቶ ስለፈራ ቀድሞ ወደ አንዱ ጎን ይዘላል፤ ኳሷ በሌላው ጎን እያዘገመች ትገባለች። ከእሳቱ ይልቅ ይህች ቀስተኛ ኳስ ትበልጣለች፤ ሳቁና እንባው የሚገናኙት እዚህ ነው።

የጊዜ አከፋፈሉ እንዲህ ይሁን። መንደርደሪያው 3 ሴኮንድ፣ እግር ኳሷን ሲነካ 5 ፍሬም (በሴኮንድ ከሚታዩት 24 ምስሎች አምስቱ)፣ የኳሷ ጉዞ በአምስት ሾት (ሳይቆረጥ በተቀረጸ ምስል) 4 ሴኮንድ፣ የአመዱ ዝምታ 2 ሴኮንድ፣ የዳኛው እርምጃ ሳይቆረጥ 4 ሴኮንድ፣ የመጨረሻዋ ኳስ በአንድ ሾት 6 ሴኮንድ። የዳኛውን እርምጃ ለማሳጠር ኤዲተሩ ይጎመጃል፤ አይፈቀድለት። ቀልዱን የሚያበስለው ያ ቀርፋፋ እርምጃ ነው።

ፊትና ንግግር

ማንም ተዋናይ ቀልድ ውስጥ እንዳለ አይወቅ። በሞ ሌይ ታው ሰዎች ለእብድ ነገር የሚሰጡት መልስ የቢሮ መልስ ነው። ተጫዋች አየር ላይ 10 ሜትር ሲወጣ የመስመር ዳኛው ሰንደቁን የሚያነሳው ከጨዋታ ውጪ ስለሆነ ብቻ ነው። የተገረመ ፊት በተከታታይ የምታሳዩ ከሆነ ተመልካቹን «አሁን ሳቅ» እያላችሁት ነው። በአንድ ትዕይንት አንድ የተገረመ ሰው ብቻ ይፈቀድ፤ እሱም ከቡድኑ ውጪ ያለ፣ ለምሳሌ ሜዳውን የሚጠርግ ሰውዬ ይሁን። ተዋናይ ሳቁን መያዝ ሲያቅተው የሚረዳው መፍትሔ የሚያስጨንቅ ሥራ መስጠት ነው፦ ንግግሩን እየተናገረ የጫማ ክር ያስር፣ ሳንቲም ይቁጠር። እጁ ሥራ የያዘ ሰው ፊቱን አይጫወትበትም።

የካንቶንኛው ቀልድ ግማሹ የቃላት ጨዋታ ነው። ቋንቋው ስድስት ቃና ስላለው አንድ ድምፅ ቃናው ሲቀየር ሌላ ትርጉም ይይዛል። ይህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ማምጣት አይቻልም፤ መሞከሩም ድካም ነው። የራሳችን ቋንቋ ሰምና ወርቅ ያስለመደን ስለሆነ ከዚያ ቅዱ። አሰልጣኙ ለግማሽ ሰዓት ታክቲክ አስረድቶ በረኛውን «ገባህ?» ይለዋል። በረኛው አንገቱን ደፍቶ «ሦስቴ» ይላል። እዚያው ላይ ቁረጡ። ከዚህ በኋላ አሰልጣኙ «እኔ የጠየቅሁህ...» ብሎ ማብራራት ከጀመረ መስመሩ ሞተ። በአንድ ገጽ ከሁለት በላይ የቃል ጨዋታ አይኑር።

ኀዘኑ እውነተኛ ይሁን

ይህ ቀልድ የተወለደው ከተናቁ ሰዎች ነው፤ ያንን ከጣላችሁት የሚቀረው ግርግር ነው። ከጨዋታዎቹ መሃል አንድ ደቂቃ ምንም ቀልድ የሌለበት ትዕይንት አስገቡ። ሳህን አጣቢው ሌሊት ባዶ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ከሥራ መባረሩን የሚገልጽ ወረቀት ያነባል። ሙዚቃ አትጨምሩ፤ ካሜራው አይንቀሳቀስ። ተመልካቹ ቀልድ እየጠበቀ ስለሚቆይ የመጀመሪያዎቹን 15 ሴኮንዶች ሊስቅ ይችላል፤ ቀስ እያለ ዝም ይላል፤ ዝም ባለበት ቅጽበት ወደ ጩኸቱ መልሱት። ሽግግሩ ድንገተኛ ይሁን፤ ኀዘኑን በሙዚቃ አለሳልሶ ወደ ቀልድ ማሻገር ሁለቱንም ያደበዝዛቸዋል።

ቀረጻ

ኳስ ሳትኖር ቅረጹ። በጥድፊያ የምትሄድ ኳስ ለካሜራ ታዛዥ አይደለችም፤ ተዋናይንም ትጎዳለች። አንድ ሰው በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ኳስ አስሮ በኳሷ መንገድ ያንቀሳቅስ፤ የሁሉም ዓይን እሷን ይከተል። ይህ ካልተደረገ አሥር ሰው አሥር ቦታ ያያል፤ በኋላ በኮምፒዩተር የምትገባው ኳስ የውሸት የምትመስለው በሥዕሏ ጥራት ማነስ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። የኮምፒዩተሯ ኳስ መሬት ላይ ጥላ ይኑራት፤ በፍጥነት ስትሄድም ትደብዝዝ። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ ዝርዝሯን ማንም አይመረምርም።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ኳስ በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲቀረጽ በአንድ ፍሬም 1.16 ሜትር ትጓዛለች። ከፍፁም ቅጣት ምት ነጥብ እስከ ግቡ ያለው 11 ሜትር 10 ፍሬም አይሞላም፤ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይሆንም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምንም ቀልድ አይነበብም። ስለዚህ ጉዞዋን በተለያየ ሾት መዘርጋት ግድ ነው፦ የመቺው ፊት፣ ከኳሷ ጀርባ፣ የሚተኛ ሣር ወይም የሚበተን አቧራ፣ የበረኛው ዓይን፣ ከግቡ ውስጥ ሆኖ ወደ ውጪ። በእነዚህ ሁሉ ኳሷ በአንድ አቅጣጫ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ከሆነ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ትሂድ። ካሜራው ኳሷ የምትሄድበትን መስመር ተሻግሮ ሌላ ጎን ከቆመ ኳሷ የተመለሰች ይመስላል።

ለዝላይ በሴኮንድ 96 ፍሬም ቅረጹ። 60 ሳንቲ ሜትር የሚዘል ሰው አየር ላይ የሚቆየው 0.7 ሴኮንድ ያህል ነው፤ በ96 ሲቀረጽና በ24 ሲታይ 2.8 ሴኮንድ ይሆናል። ካሜራውን ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ላይ አስቀምጡት፤ ከጀርባ ሰማይ ብቻ ይታይ። መሬቱ ካልታየ ከፍታውን የሚለካበት ነገር የለም፤ ያቺው 60 ሳንቲ ሜትር የፈለጋችሁትን ያህል ትሆናለች። በ96 ስትቀርጹ ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን ሩብ ብቻ ስለሚሆን ሌንሱን በሁለት ስቶፕ (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል) መክፈት አለባችሁ፤ ስለዚህ ቀን ቀን ቅረጹ። በሆንግ ኮንግ የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ ስለሆነ በመብራት ሥር 96 ፍሬም ላይ ምስሉ ይርገበገባል። ማታ ከሆነ 50 ፍሬም በ1/100 ሴኮንድ ሹተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ይሻላል።

ለሩጫና ለመቀማማት ተቃራኒውን አድርጉ፤ በ22 ወይም በ20 ፍሬም ቀርጻችሁ በ24 አሳዩ። 20 ሲሆን እንቅስቃሴው 1.2 እጥፍ ይፈጥናል፤ ዓይን ሳይነቃበት ሹልነት ይሰማል። ከ18 በታች ስትወርዱ የድምፅ አልባ ዘመን ፊልም ይመስላል፤ ያ ሌላ ዓይነት ቀልድ ነው።

ሰው በሽቦ ማንጠልጠል የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ባለሙያ ከሌላችሁ አትሞክሩት። ትንሽ ትራምፖሊንና ወፍራም ፍራሽ አብዛኛውን ያሠራችኋል፤ ሜዳው ሲሚንቶ ስለሆነ ፍራሹ ከተዋናዩ መውደቂያ በሁሉም ጎን አንድ ሜትር ይትረፍ። አቧራ ለማስመሰል ዱቄት የምትበትኑ ከሆነ ነበልባልም ሆነ ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ፤ አየር ላይ የተበተነ ዱቄት በእሳት ይቀጣጠላል። የምትነድደዋን ኳስ እሳት በኮምፒዩተር ብቻ ጨምሩት።

ድምፅና ቁርጥ

የሆንግ ኮንግ ፊልሞች ለብዙ ዘመን ድምፃቸው ከቀረጻ በኋላ ይጨመር ነበር፤ ለእኛም የሚያዋጣው ይሄ ነው። ለአንድ ታላቅ ምት ሦስት ድርብርብ ድምፅ ይበቃል፦ ዝቅ ያለ የከበሮ ዱብታ፣ የጅራፍ ጩኸት፣ የተወጠረ ጨርቅ ሲመታ የሚሰማው። ከምቱ በፊት ግን 12 ፍሬም ሙሉ ዝምታ ይኑር፤ የሕዝቡም ጩኸት ይቋረጥ። ድምፁን ከፍ በማድረግ የማይገኘው ክብደት በዚህ ግማሽ ሴኮንድ ይገኛል። ሳህን አጣቢው ኳስ ሲይዝ የሳህን ድምፅ ይሰማ፤ ሹፌሩ ሲዞር የማርሽ ድምፅ። እነዚህን ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ በተመሳሳይ ድምፅ ደጋግሙ። አራተኛው ላይ ድምፁ ብቻውን፣ ሰውየው ሳይታይ፣ ያስቃል።

ሲቆረጥ ለሳቅ ተብሎ ባዶ ቦታ አይተው። ተመልካቹ እየሳቀ ቀጣዩ ይምጣበት፤ ቢያመልጠው ድጋሚ ያየዋል። ክፍተት የሚያስፈልገው ከዳኛው ውሳኔ በፊት ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ቁርጥ (ተቆራርጦ የተቀነባበረውን ቅጂ) ፊልሙን ለማያውቁ ስድስት ሰዎች አሳዩ፤ ምንም ሳታስረዱ፣ ከኋላቸው ተቀምጣችሁ የሳቁበትን ሴኮንድ በወረቀት መዝግቡ። ሳቅ የጠበቃችሁበት ቦታ ዝም ካሉ ያንን ቀልድ ከመጣላችሁ በፊት ከሱ በፊት ያለውን 30 ሴኮንድ መርምሩ። ብዙ ጊዜ የጎደለው ዝግጅቱ ነው፤ ሹፌሩ ፌርማታ ሲያልፍ ያሳየው ሾት አጥሯል፣ ወይም ቢጫው መስመር ከፍሬሙ ውጪ ቀርቷል። ያንን አስረዝማችሁ ለሌሎች ስድስት ሰዎች አሳዩ። ሁለተኛም ዝም ካሉ ቀልዱን አውጡት፤ ዳኛውን ግን አትንኩት።